የማሳደጊያው በርና የአያት ጓዳ

ሐምሌ ለዲላ የእንግዳ ወር ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የእኛም ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተበትነዋል፤ የየአጥቢያው የወጣቶች ኅብረት ዓመቱን ሙሉ ሲጸልይበትና ገንዘብ ሲያሰባስብለት የከረመው «ሚሽን» ደርሷል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሐዋሳን አልፎ በሞያሌው መንገድ የሚመጣው ኮስተር ዲላ ሲደርስ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ልጆች ይወርዳሉ። አንዳንዴ ፈረንጆች ናቸው፤ አንዳንዴ አማርኛውን እየሰባበሩ የሚናገሩ የዲያስፖራ ልጆች፤ አንዳንዴ ደግሞ የአዲስ አበባ መዘምራን። ሻንጣቸው ውስጥ ፊኛ፣ የቀለም እርሳስ፣ ኳስ፣ ከረሜላና ያገለገለ ልብስ አለ። የጉዟቸው መዳረሻ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው።

እነዚህን ወጣቶች መተቸት አይመችም። በዚያ ዕድሜ ዕረፍትንና ገንዘብን ለማያውቁት ልጅ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም፤ እኩዮቻቸው ያንኑ ወር የት እንደሚያሳልፉት እናውቃለን። በወንጌላውያኑ አነጋገር «ሸክም» ይዘው ነው የሚመጡት፤ ሸክሙም እውነተኛ ነው። የማይዋጥልኝ የሚያራግፉበት ቦታ ነው። እንደ ሌላው ኢትዮጵያ ሁሉ ዲላ በምትገኝበት በጌዴኦ ዞንም ወላጁን ያጣ ልጅ በአብዛኛው የሚያድገው ማሳደጊያ ውስጥ ሳይሆን አያቱ፣ አክስቱ ወይም ታላቅ እህቱ ቤት ነው። ኮስተሩ ወደዚያ አይሄድም። ዓመት በዓመት ማሳደጊያው በር ላይ ብቻ በመቆሙ ደግሞ፣ ማንም ሳያስበው፣ ልጆችን ከዘመድ ቤት ወደ በሩ ይስባል።

በሩ ላይ የሚሆነውን ደጋግሞ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይወጣዋል። ልጆቹ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ተስተካክሎ፣ በቁመታቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መዝሙር ይዘመራል፤ ከተቻለ አንዱ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ሰልፉ ይፈርስና አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ሮጣ መጥታ አይታት የማታውቀውን ወጣት እግር ታቅፋለች። ወጣቷ ታነሣታለች፤ ስልኩ ይወጣል፤ ፎቶ ይነሣል። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ከዚያች ወጣት ጀርባ አልወርድ ትላለች። በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ኮስተሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ወጣቷ አገሯ ገብታ «ልቤን ዲላ ትቼ መጣሁ» ብላ ትመሰክራለች። ልጅቷ ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡድን ሲመጣ የሌላ ሰው እግር ታቅፋለች።

ጎብኚዎች ይህን «ፍቅር የተሞሉ ልጆች» ብለው ይተረጉሙታል። የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። እናቷ ቤት ያደገች የአራት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች፤ አጮልቃ ታያለች፤ ለመቅረብም ጊዜ ትወስዳለች። ላገኘችው ሁሉ የምትሮጥ ልጅ የእኔ የምትለው ሰው አልጸናላትም ማለት ነው። ሩማንያ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 2000 የተጀመረው የቡካሬስት ጥናት ይህን በቅርበት አይቶታል። ተመራማሪዎቹ በስድስት ማሳደጊያዎች የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ገሚሶቹን በቤተሰብ እንክብካቤ ሥር አኖሩ። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ ዕድገትም ከሰው ጋር በመጣበቅም ከቀሩት በለጡ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ማሳደጊያ የቀሩት ልጆች የጎደላቸው ፊኛና መዝሙር አልነበረም። የጎደላቸው ሌሊት ሲያለቅሱ የሚነሣ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ያው የሆነ አንድ ሰው ነው። በየወሩ የሚለዋወጥ እንግዳ ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ እንዲያውም መለያየትን ያለማምዳል።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ልበል፤ ሲነገር እምብዛም አልሰማሁምና። የጌዴኦ ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ቡናው ሲቀላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ይርጋ ጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬ፣ ገደብ ሁሉ እሸት ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ማጠቢያው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ልጅም ዐዋቂም እጁ ላይ ሳንቲም ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ያለፈው ዓመት የቡና ብር አልቋል፤ ዝናቡ አይለቅም፤ የቸገረው ገና ያልቀላ ቡናውን አስቀድሞ በርካሽ የሚሸጥበት ጊዜ ነው። ከዚያ መስከረም ከነደብተሩ፣ ከነዩኒፎርሙና ከነምዝገባው ከተፍ ይላል። ባሏ የሞተባትን፣ አራት ልጅ ያላትን ሴት በዚህ ወቅት አስቧት። ከተማው ውስጥ ልጆች በቀን ሦስቴ የሚበሉበት፣ ጫማ የሚያገኙበት፣ ነጮች እየመጡ የሚያቅፏቸው ግቢ እንዳለ ትሰማለች። ከአራቱ አንዱን እዚያ ብታስገባ ለሦስቱ ይተርፋል። ሒሳቡን የምትሠራው ጨካኝ ስለሆነች አይደለም፤ ስለምትወዳቸው ነው። የኮስተሩ ጉዞና የእሷ የጭንቅ ወር የገጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ውጤቱ ግን አጋጣሚ አይደለም።

ሴቭ ዘ ችልድረን በአውሮፓውያኑ 2009 ባወጣው ዘገባ በዓለም ዙሪያ ማሳደጊያ ካሉ አምስት ልጆች ቢያንስ የአራቱ አንድ ወይም ሁለት ወላጅ በሕይወት እንዳለ ጽፏል። ወላጅ አልባ እየተባለ የሚጠቀሰው በሚሊዮን የሚቆጠር አኃዝም አንድ ወላጁን ብቻ ያጣውን ይጨምራል። ወጣቱ ቲሸርቱን ለብሶ «እናትም አባትም የሌለው ልጅ» ፍለጋ ሲመጣ፣ ያቀፈው ልጅ እናት ምናልባት የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ እንሰት እየፋቀች ነው።

ልጆችን ከቤታቸው የመሳቡ ነገር አገራችን ውስጥ የተጻፈ ታሪክ አለው። ደቡቡ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ዋና ምንጭ ከነበሩት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ከ15 ሺህ በላይ። ፍላጎቱ ሲያብጥ አቅርቦቱ ተፈለገለት፤ ወላጅ ያላቸው ልጆች በወረቀት ወላጅ አልባ ሆኑ። ኢንተርናሽናል አዶፕሽን ጋይድስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኞች በአውሮፓውያኑ 2014 ተከሰው በሐሰተኛ የጉዲፈቻ ሰነድ ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል፤ ከወረቀቶቹ መካከል ልጁን አሳድገው የማያውቁ ማሳደጊያዎች የፈረሙባቸው ይገኙበታል። መንግሥት መጋቢት 2003 ላይ በቀን የሚያስተናግደውን የጉዲፈቻ ፋይል ወደ አምስት አወረደ። በዚያው ዓመት ግንቦት ከእኛ አገር በጉዲፈቻ የሄደች ልጅ ዋሺንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ግፍ ሞተች። በመጨረሻም ጥር 2010 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ከነአካቴው ከለከለ።

በሩ ተዘጋ ማለት ግን በዚያ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ ግቢዎች ሁሉ ጠፉ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሥራውን ቀየረ፤ አንዳንዱ ለጋሽ መፈለግ ጀመረ። ጎብኚ ቡድን ለጋሽ ነው። አልጋው ባዶ የሆነ ማሳደጊያ ደግሞ ጎብኚ አያገኝም። አስተዳዳሪው ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ልጅን ወደ ዘመዱ መመለስ በጀቱን የሚቀንስበት፣ ማቆየት የሚጨምርለት አሠራር ውስጥ ተቀምጧል። ለዚህ ነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2012 ላይ ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ ማሳደጊያዎች ውስጥ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ለሕፃናት ንግድና ብዝበዛ ሊዳርግ እንደሚችል በስም ጠቅሶ ያስጠነቀቀው። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መመሪያው ከወጣ ይህን ያህል ዓመት ሆኖት፣ የአብያተ ክርስቲያናት የክረምት ዕቅድ ላይ የመጀመሪያው አማራጭ አሁንም ማሳደጊያ ነው።

«እንግዲያውስ እነ አበበች ጎበና ምን ሠሩ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወይዘሮ አበበች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው በረኀብ ከወደቁት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከልጆቹ ጋር ኖሩ። እሳቸውን ከጎብኚ የሚለያቸው ይህ ነው፤ ልጆቹ ሌሊት ሲነሡ የሚያገኟቸው እሳቸውን ነበር። ዘመድ የሞተበት፣ የተጣለ፣ ከነአካል ጉዳቱ ማንም አልቀበል ያለው ልጅ ዛሬም አለ፤ ለእሱ ቤት ያስፈልገዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ለእነዚህ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ ያዛል። ነገር ግን በረኀብ ዘመን ማሳደጊያ የከፈቱ ሌሎች ሰዎች ራሳቸው ኋላ ላይ ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ለሕፃናት መኖሪያ የከፈተው የኢየሩሳሌም ማኅበር ከዓመታት በኋላ ልጆቹን ወደ ዘመድና ወደ ማኅበረሰቡ መልሶ፣ ማሳደጊያነቱን ትቶ፣ ስሙ ላይ ሳይቀር «ማኅበረሰብ ልማት» የሚለውን ጨመረ። ሩዋንዳም የዘር ማጥፋቱ ወላጅ አልባዎች ያደጉባት አገር ሆና ሳለ በአውሮፓውያኑ 2012 ማሳደጊያዎችን ደረጃ በደረጃ ለመዝጋት ወሰነች።

ወደ ጌዴኦ ልመለስ። ይህ ዞን ስለ ልጅ አስተዳደግ ከውጭ ትምህርት የሚፈልግ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ ከ840 ሺህ በላይ ሕዝብ የተመዘገበበት፣ ከአገሪቱ ገጠሮች ሁሉ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ዘመን ያሻገረው እንሰት፣ ቡናና ዛፍ በአንድ ጓሮ የሚያበቅል አሠራር መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ምን እንደሆነ የዲላና የይርጋ ጨፌ ሰው አይረሳውም። ትምህርት ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ በሰው ተሞላ። ሁለት ክፍል ቤት ያለው ሰው ዘመዱን ከነልጆቹ አስገብቶ እንሰቱን ቀድሞ ነቀለ። ሳይደርስ የተነቀለ እንሰት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል፤ ለምግብ የሚደርሰው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ የመጪዎቹን ዓመታት ቆጮ አብስሎ ለእንግዳ ማቅረብ ነው። ያን ጊዜ ልጆቹን የያዘው ከሁሉ በፊት የዘመድና የምእመን ደጅ ነበር። ወጣቶቻችን መጎብኘት ያለባቸው ያንን ደጅ ነው።

ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ «ያዕቆብ 1፥27» ተጽፎ አያለሁ። ቲሸርቱን የሚያሠሩት ሰዎች ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት እወዳለሁ። ሐዋርያው አባት የሌላቸውን ልጆች ብቻ አይደለም እንዲጠየቁ ያዘዘው፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸውንም ሴቶች በዚያው ትንፋሽ ጠርቷል። የሁለቱ አንድ ላይ መጠራት ያለምክንያት አይመስለኝም፤ በአንድ ቤት ነው የሚገኙት። ልጁን በማሳደጊያ፣ እናቱን በጓሮዋ ለያይቶ ልጁን ብቻ መጠየቅ ትእዛዙን ለሁለት ሰንጥቆ ደስ የሚለውን ገሚስ መውሰድ ነው። ልጅ ፎቶ ላይ ያምራል፤ የደከመች ባልቴት እምብዛም።

ሚሽን የሚባለው ነገርም ለደቡብ ሰው አዲስ አይደለም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ገብተው፣ በ1929 ጣሊያን ከወላይታ ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ጠበቃቸው። ሥራውን የሠሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከወላይታ የተነሡት ወንጌላውያን ወደ ጎረቤት ሕዝቦች፣ ወደ ጌዴኦም ጭምር፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ነው የሄዱት። ቋንቋውን ተማሩ፤ መሬት ቆፈሩ፤ አንዳንዶቹ ታሰሩ፤ ዓመታት ቆዩ። የዛሬው ጌዴኦ አብዛኛው ፕሮቴስታንት በመሆኑ ውስጥ የእነዚያ ሰዎች ድካም አለበት። እነሱን አባት አድርጎ የሚቆጥር ወጣት በሰባት ቀን ጉዞ «ሚሽን ወጣሁ» ሲል ትንሽ ሊያፍር ይገባዋል፤ ይህን በፍቅር ነው የምለው።

ወጪውስ? ኩርት ቨር ቢክ የተባለ፣ ራሱ ክርስቲያን የሆነና ያኔ ሆንዱራስ ይኖር የነበረ የካልቪን ኮሌጅ መምህር፣ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ እዚያ የተሠሩ ቤቶችን አጥንቶ ነበር። የአገሩ ድርጅት በ2,000 ዶላር የሚሠራው ቤት ከሰሜን አሜሪካ በመጡ የአብያተ ክርስቲያናት ቡድኖች ሲሠራ የጉዞው ወጪ ተጨምሮ ወደ 30,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ቤቱን የተቀበሉት ቤተሰቦች በማን ቢሠራ ልዩነት አላገኙበትም። «ካላዩ አይሰጡም፤ ካዩ ግን ዕድሜ ልካቸውን ይሰጣሉ» የሚለውንም መከራከሪያ መረመረ፤ ተጓዦቹ ከተመለሱ በኋላ አሰጣጣቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ጥናቱ በአውሮፓውያኑ 2006 ሲታተም ብዙዎችን አስቆጥቷል። ውጤቱ የሆንዱራስ ነው እንጂ የዲላ አይደለም፤ ሆኖም የዐሥራ ሁለት ሰው የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና ኮስተር ተደምሮ ገደብ ውስጥ ስንት ቤተሰብ መስከረምን እንደሚሻገርበት ለማስላት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

ልጁን ከቤቱ ሳያወጡ የሚረዱበት መንገድ በእጃችን አለ። ኮምፓሽን ከ1993 የአውሮፓውያን ዓመት ጀምሮ እዚህ አገር የሚሠራው በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በኩል ነው፤ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ ነው የሚታገዘው። እሱም ያለ ጉድለት አይደለም፤ ከአንድ ቤት አንዱ ተመርጦ ሌላው ሲቀር የሚፈጠረው ቅናት፣ ደብዳቤ በመጠበቅ የሚያልቅ ዓመት፣ ይህ ሁሉ አለ። ነገር ግን ልጁ ማታ የሚያድረው እናቱ ጋ ነው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ለዲላ ከሁሉ የሚቀርበው ኃይል ደግሞ አስፋልት ተሻግሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት የሆነው የኢቫሱም ሆነ የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ ተማሪ ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ከተማው ውስጥ ይቆያል። በወር ሁለት ቅዳሜ አንዲት አያት ቤት ሄዶ የልጅ ልጇን ሒሳብ ቢያስጠና፣ ክረምት ሲመጣ ጣሪያዋን ቢያይላት፣ ልጁ ሲታመም ሆስፒታል ካርድ ቢያወጣለት፣ ያ ልጅ ስሙን የሚያውቅ፣ ሳምንትም ቆይቶ ተመልሶ የሚመጣ ታላቅ ወንድም አገኘ ማለት ነው። ፎቶው አያምርም። ምስክርነቱም አጭር ነው።

ይህን ሁሉ ለእንግዶቹ መንገር የሚገባው እኔ አይደለሁም፤ አስተናጋጁ አጥቢያ ነው። አጥቢያው ደግሞ ዝም ይላል። እንግዳ አይመለስም፤ በዚያ ላይ የአዳራሹ ቆርቆሮ ገንዘብ በእንግዳው እጅ ነው። ሽማግሌዎቹ በልባቸው «ባይመጡ ገንዘቡን በላኩት» እያሉ በአፋቸው «በረከት ሆናችሁልናል» ሲሉ የኖሩበት ጊዜ ረጅም ነው። የዲላ መጋቢዎች ለዘንድሮ እንግዶቻቸው ደብዳቤ ቢጽፉ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ይህ ቢገባበት ደስ ይለኛል፦ ዐሥራ ሁለት ሆናችሁ በሐምሌ አትምጡ። የዐሥሩን ትኬት ዋጋ ከነሐሴ በፊት ላኩልን፤ በአጥቢያችን ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያሳድጉ ቤቶችን ስም ዝርዝር ከወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነን ይዘናል፤ ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ በየቤቱ እንጽፍላችኋለን። ሁለታችሁ በኅዳር ኑ። ቡና ለቀማ ነው፤ እጅ ይፈለጋል፤ ቤተሰቡም የሚያበላችሁ አያጣም። ካሜራውን ተዉት። በሚቀጥለውም ዓመት የምትመጡት እነዚያው ሁለታችሁ ሁኑ፤ ልጆቹ ሌላ ሰው እንዳይለምዱ።